በእኔ በር ላይ የተለጠፈው የጎረቤቴ ለቅሶ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው ኅዳር አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ምን ይዞ እንደሚመጣ ስለማውቅ ገና ሳላነሣው እጄ ተንቀጠቀጠ። የደወለችው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ነበረች፤ እዚያ ገና ምሽት ነው። «እታለም፣ ማን ነው የሞተብን? እኔ ባዕድ ነኝ እንዴ የምትደብቁኝ?» አለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው። ማንም አልሞተም ብላት አላመነችኝም። እውነት አላት፤ አባታችን ያረፉ ጊዜ መርዶውን ያስነገርናት ዘጠኝ ቀን አቆይተን ነው። ከዚያ ወዲህ «ሁላችንም ደኅና ነን» ብንላት ልቧ አያርፍም። ተነሥቼ፣ መብራት አብርቼ፣ እናታችን ተኝተው ሲተነፍሱ በስልኩ ካሜራ እስካሳያት ድረስ አልተረጋጋችም።

ያስለቀሳት ፎቶ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት አስባ ማረፊያ ስትጠይቃት፣ የእኔን ፔንሲዮን ልታሳያት በስልኳ ላይ የጉግልን ካርታ ከፈተች። የቤቱ ስም ሲወጣ ከሁሉም በፊት የታያት በበራችን ላይ የተተከለ ድንኳን፣ በድንኳኑ ሥር የተደረደረ አግዳሚ፣ በአግዳሚውም ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡ ሴቶች ናቸው። በሩ የእኛ ነው፤ አባታችን ራሳቸው አረንጓዴ የቀቡትን በር እህቴ አትስተውም። የቀረውን ለመረዳት ደግሞ አገር ቤት ማደግ ብቻ ይበቃል።

ለቅሶው ግን የእኛ አልነበረም። ጥቅምት ላይ የጎረቤቴ እናት አረፉ። መንገዳችን ጠባብ ነው፤ ሁለት መኪና አይተላለፍበትም። ሰፋ የሚለው በእኔ በር ፊት ያለው ቦታ ስለሆነ የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን እዚያ ይትከሉ አልኩ። ይህን ማንም ጎረቤት ያደርገዋል። ለእንግዶቼ ነግሬ፣ በጓሮ ባለው ትንሽ በር እንዲገቡና እንዲወጡ አድርጌ ሦስቱ ቀን አለፈ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ አንድ ለቅሶ የደረሰ ሰው ፎቶ አንሥቷል፤ ያነሣውንም በካርታው ላይ በእኔ ቤት ስም ሥር ለጥፎታል። ጎረቤቴ ከሁሉም ፊት ትታያለች። ዐይኗ አብጧል። አንድ እጇ ደረቷ ላይ ነው። ከጎኗ ያለችው ሴት ውኃ በብርጭቆ ይዛ ልታጠጣት ትሞክራለች። ሰውን በእንዲህ ያለ ሰዓት ሊያየው የሚገባ ሊያጽናናው የመጣ ሰው ብቻ ነው። እሷ ግን ይህን ደብዳቤ በምጽፍበት ቀን እንኳ፣ ከአልጋና ከመታጠቢያ ቤት ፎቶ ጋር ተደርድራ ማረፊያ ለሚፈልግ መንገደኛ ሁሉ ትታያለች።

እኔ ከጃንሜዳ ጀርባ 11 ክፍል ያላት ፔንሲዮን አስተዳድራለሁ። ከዚያ በፊት ለ26 ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። በዚያ ሥራ የቆየ ሰው፣ ያለፋይሉ የገባ ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። አንድ ጊዜ ለአንድ ሠራተኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ በስም መመሳሰል በሌላ ሰው ፋይል ገብቶ፣ ያ ሰው የደረጃ ዕድገት ሳያገኝ ሁለት ዓመት ቆይቷል። ወረቀቱ ሐሰተኛ አልነበረም። ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ማኅተሙ፣ ፊርማው ሁሉ ትክክል ነበር። ሰውየውን የጎዳው የእርሱ ባልሆነ ቦታ የተገኘ እውነተኛ ወረቀት ነው። በካርታው ላይ ስላሉት ፎቶዎች ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ያ ሰው ነው።

እህቴ በደወለች ማግስት የወንድሜን ልጅ ጠራሁት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ቤቱን ካርታው ላይ ያስመዘገበልኝም፣ ባለቤቷ እኔ መሆኔን ያረጋገጠልኝም እሱ ነው። በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ደብተር ዘርግተን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያየን፣ እንደ ድሮ ሥራዬ በየዓይነታቸው ለየናቸው። በጠቅላላው 63 ነበሩ። የእኛን ቤት የሚያሳዩት 17 ብቻ ናቸው። 15ቱ የጥምቀት በዓል ነው። 7ቱ የሽንኩርትና የቲማቲም ክምር፣ 4ቱ በጃንሜዳ የአገር አቋራጭ ውድድር የሚሮጡ ልጆች። የቀሩት 20 ዓይነታቸው ብዙ ነው፤ አንድ ወጣት መነጽር አድርጎ ራሱን ያነሣቸው፣ የሚሸጥ መኪና ከነስልክ ቁጥሩ፣ እኛ ምግብ ሳንሸጥ የሌላ ቤት ክትፎ፣ የባንክ ገንዘብ ማስተላለፊያ ደረሰኝ ከላኪው ስምና ከሒሳብ ቁጥሩ ጋር፣ መንገዱ ሲቆፈር የተነሣ የአፈር ክምር። ድንኳኑም ከእነዚህ መካከል ነው።

የጥምቀቶቹ ፎቶዎች ያምራሉ፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አንደኛው ጥር 10፣ የከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ወደ ሜዳው ሲወርዱ የተነሣ ነው። የካህናቱ ጥላ የወርቅ ጥልፍ በማታዋ ፀሐይ እሳት መስሏል። በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረ በዓል ነው፤ ሰው ቢያነሣው፣ ለዓለም ቢያሳየው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከእኔ መስኮት የሚታየው የጎረቤት ጣሪያና አንድ የኮክ ዛፍ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ከፍራንክፈርት ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች። ልጆቹ እዚያ የተወለዱ ናቸው፤ ጥምቀትን በዐይናቸው አይተው አያውቁም። እናትየው ፎቶውን አይታ፣ በዓሉን ከመስኮት ሆናችሁ ታዩታላችሁ ብላቸዋለች፤ የሦስት ሌሊትም ቀድማ ከፍላለች። ክፍሉን ከፍቼ መጋረጃውን ስገልጠው ትንሿ ልጅ ወደ መስኮቱ ሮጣ አየችና «እማዬ፣ ሜዳው የታለ?» አለች። እናትየው ወደ እኔ ዞረች። አላታለልኳትም፤ የተታለለችው ግን በእኔ ስም ነው። የአንዱን ሌሊት ገንዘብ መለስኩላት። በማግስቱ ሌሊት ልጆቹን በጋቢ ጠቅልዬ ራሴ ሜዳው ድረስ ይዣቸው ሄድኩ። እሷ ተደስታ ተመልሳለች፤ እኔ ግን ያንን ዞራ ያየችኝን አስተያየት አልረሳሁትም።

የአትክልቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የፒያሳው አትክልት ተራ ለጊዜው ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ እንደነበር የአዲስ አበባ ሰው ያስታውሳል። ክረምቱን ከጭቃው ጋር ያሳለፍን የሰፈሩ ሰዎችማ አንረሳውም። ሜዳው ለ2013 ጥምቀት ሲጸዳ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ከሜዳው ከተነሣ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ከእኔ ቤት ገጽ ላይ ግን እስከ ዛሬ አልተነሣም። አንድ የግዢ ሠራተኛ ለሥልጠና ለሚመጡ ስምንት ሰዎች ክፍል ሊይዝ ደውሎ፣ በዋጋው ከተስማማን በኋላ፣ ፊት ለፊታችሁ ያለው ገበያ ሌሊት አይረብሽም ወይ አለኝ። ገበያው ከተነሣ ቆየ አልኩት። «ፎቶውን እያየሁት ነው እኮ፣ እናቴ» አለኝ፤ በትሕትና ነው የተናገረው። ስምንቱም ሰዎች ሌላ ቦታ ዐደሩ።

ፎቶ ብቻ ነው፣ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል የሚል አንባቢ ይኖራል። በከተማችን ሰው ቤት የሚያገኘው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አለመሆኑን ያስብልኝ። «ከጃንሜዳ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ አረንጓዴ በር» ብለን ነው የምንመራው። ዛሬ ያ አረንጓዴ በር ስልክ ውስጥ ገብቷል። በስልክ የተጠራ የታክሲ ሾፌር በሌሊት እንግዳ ከቦሌ ይዞ ሲመጣ፣ መኪናውን አቁሞ በሩን ከፎቶው ጋር ያስተያያል። ፎቶው የቲማቲም ክምር ከሆነ ምኑን ከምኑ ጋር ያስተያየው?

ከጥምቀት ሰሞን በስተቀር አብዛኞቹ እንግዶቼ ቱሪስቶች አይደሉም። ለየካቲት 12 ሆስፒታል ስለምንቀርብ ከክፍለ ሀገር ሕመምተኛ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ቤታችን ደረጃ አላት፤ ከመሬት እስከ ላይኛው ፎቅ 14 እርከን። የደረጃውን ፎቶ ሆን ብዬ ያስነሣሁት እግሩን ለሚያመው ሰው ነው። አንድ ሰው የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ አባቱን ይዞ ከሰላሌ መጣ። በዚያን ቀን ባዶ የነበሩት ክፍሎች ሁሉ ፎቅ ላይ ናቸው። ልጅየው ደረጃውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «እትዬ፣ ፎቶውን አይቼ ነበር፤ ደረጃ አልነበረውም» አለኝ። እውነቱን ነው። ስልኩን ተቀብዬ ስቆጥር የደረጃው ፎቶ 41ኛ ላይ ነበር፤ ከፊቱ በዓሉ፣ ሯጮቹና መነጽር ያደረገው ወጣት ተሰልፈዋል። ያን ሁሉ አልፎ ወደ ታች የሚወርድ ማን ነው? ሽማግሌው ደረጃው ሥር፣ በወንበር ላይ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አልጋ አስወርጄ በራሴ ሳሎን አስተኛኋቸው፤ አምስት ቀን ከእናቴ ጋር ሲጫወቱ ሰነበቱ። ሳሎን የሌለው ቤት ቢገቡ ኖሮስ?

እንዲህ ያለው ፎቶ እንዴት እየመጣ እንደሚለጠፍ የወንድሜ ልጅ አስረዳኝ። ሰው አንድ ቦታ አጠገብ ፎቶ ሲያነሣ ስልኩ ያለበትን ስፍራ ያውቃል። ቆየት ብሎ «እዚህ ቦታ ነበርክ፤ ፎቶህን ለሌሎች አካፍል» የሚል መልእክት ይልክለታል፤ የቅርቡንም ቤት ስም ራሱ ይጠቁመዋል። ሜዳው ላይ ቆሞ ያነሣውን ፎቶ የእኔ ቤት ነው ብሎ የሚያቀርብለት ያ ግምት ነው፤ ሰውየው አንድ ጊዜ ይጫናል፣ አለቀ። ለዚህ ደግሞ ነጥብ አለው። ለአንድ ፎቶ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ደረጃ ያወጣል፤ የመጨረሻው 10ኛው ደረጃ 100,000 ነጥብ ነው። ነጥቡ የሚቆጠረው በፎቶው ብዛት ነው፤ ፎቶው ቦታውን ያሳይ አያሳይ የሚመዝን የለም።

ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ዝቅ አለ። እሱ ራሱ 5ኛ ደረጃ ደርሶ ነበር። ስልኩን አወጣና የለጠፋቸውን አሳየኝ። የገባበትን ካፌ ሁሉ የማኪያቶ ብርጭቆ፣ የወንበር እግር፣ ጫማው፣ ከፋርማሲ ደጃፍ ዝናብ ሲዘንብ። የፋርማሲው ላይ ቆመ። «አክስቴ፣ ይህን ሳደርግ የሰው ቤት ነው ብዬ አስቤ አላውቅም» አለኝ። ያን ቀን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሻይ ቀርቦለት ሳይጠጣው፣ ከ40 በላይ አጠፋ። ሁሉም በክፋት አይለጥፍም። አብዛኛው እንደ እሱ ነው፤ ቢነገረው ይሰማል ብዬ ስለማምን ነው ወደ ጋዜጣችሁ የጻፍኩት።

የእኛን ቤት የማይመለከቱትን 46ቱንም አመለከትን። ፎቶውን ይከፍታሉ፤ ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይነካሉ፤ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱን መርጠው ይልካሉ። ለአንዱ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ መልሱ ግን ቀናት ይወስዳል። 11 ፎቶዎች ከገጹ ላይ ወረዱ፤ መኪናው፣ ደረሰኙ፣ ክትፎውና የመነጽሩ ልጅ። ጥምቀቱ፣ አትክልቱ፣ ድንኳኑ ቀሩ። ደንብ የጣሰ ነገር አላገኘንም የሚል መልስ መጣልን።

የድንኳኑን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ፎቶውን ያየው ሰውም ይሁን ማሽን ምን እንዳየ ልረዳው ሞከርኩ። ድንኳን አየ፤ አግዳሚ አየ፤ ነጭ የለበሱ ብዙ ሴቶች አየ። ሰርግ ወይም ግብዣ መስሎታል። የሰርግን ድንኳን ከለቅሶ ድንኳን የሚለየው የነጠላው አለባበስ ነው፤ ጥለቱ ወዴት እንደዋለ ማየት ነው። ይህን እኛ አገር የስድስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። ድርጅቱ በአገራችን ቤቶች ላይ የሚለጠፈውን ፎቶ የሚመረምር ከሆነ፣ አንድ ነጠላ የሚያነብ ሰው ይኑረው። ይህ ከአቅሙ በላይ የሆነ ጥያቄ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልለይ። የቤት ባለቤት ራሱ የለጠፈውን እንጂ ደንበኛ የለጠፈውን ፎቶ ማጥፋት አይችልም፤ ይህን ሥርዓት አልቃወምም። ባለቤት እንደ ፈለገ ቢያጠፋ ኖሮ ቆሻሻውን ሁሉ ደብቆ ንጹሑን ብቻ ያሳይ ነበር። እኔም ላይ ደርሷል። አንድ እንግዳ የ7 ቁጥርን የእጅ መታጠቢያ ስንጥቅ አጉልቶ አንሥቶ ለጥፏል። ስንጥቁ ነበረ፤ ወሩን ሙሉ ዛሬ ነገ እያልኩ ትቼው ነበር። ያንን ፎቶ አላመለከትኩም። መታጠቢያውን ለወጥኩ፣ የአዲሱን ፎቶ ጨመርኩ፣ ለእንግዳውም «አመሰግናለሁ፣ ተስተካክሏል» ብዬ መለስኩ። አሁን ሁለቱም ጎን ለጎን አሉ። ስለዚህ አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ መጥፎ ያሳየንን ፎቶ ሁሉ «ከቦታው ጋር አይገናኝም» እያሉ ሲያመለክቱ ሳይ አዝናለሁ። የእውነት የማይገናኘውን ስናመለክት የማንታመነው እንዲህ ስለተደረገ ሊሆን ይችላል።

የሕግ ሰው አይደለሁም፤ በመዝገብ ቤት ዘመኔ ግን ሕግ ማገላበጥ ለምጃለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ ይከለክላል። ተከትሎ ያለው ቁጥር 28 ደግሞ ለሕዝብ ሥነ ሥርዓትና በአደባባይ ለሆነ ነገር የተለየ ድንጋጌ አለው። ጥምቀቱ በዚያ ቢያልፍ ይገባኛል። ለቅሶውም መንገድ ላይ ነበር ብሎ የሚከራከር ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ያ መንገድ ለሦስት ቀን የጎረቤቴ ቤት ሆኖ እንደነበር አውቃለሁ፤ የጫኑት አግዳሚ፣ የቀቀሉት ንፍሮ፣ የዘረጉት ሸራ የእሷን ሐዘን ለመሸከም ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ባለሙያዎች በጋዜጣችሁ ላይ እንዲህ ላለው ጉዳይ እንዴት እንደሚያገለግል ቢጽፉልን፣ እኔን ለመሰለ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ካርታውን ከሚያስተዳድሩት የምፈልገው ያን ያህል ብዙ አይደለም። በመዝገብ ቤት ያለቦታው የተገኘ ወረቀት አይቀደድም፤ ወደ ፋይሉ ይመለሳል። ያ የከተራው ፎቶ እንዲጠፋ አልፈልግም፤ «ይህ የጃንሜዳ ነው» ብዬ ወደ ጃንሜዳ ገጽ እንዲሄድ የማመለክትበት አንድ ቁልፍ ቢኖር ይበቃኛል። የአትክልቱም የ2012 ታሪካችን ነው፤ ዓመቱ ተጽፎበት በሜዳው ገጽ ይቀመጥ። ስልኩም የቅርቡን ቤት ስም ከመገመት ይልቅ፣ ፎቶው የምን እንደሆነ ሰውየውን ይጠይቀው።

እንደ እኔ ቤት ለከፈቱት ደግሞ፣ ሌላው እስኪነሣ ድረስ የሚቻለው የራስን ፎቶ መጨመር ነው። በሩን በቀን ብርሃን፣ ከዋናው መንገድ የሚታጠፍበትን ማዕዘን፣ ደረጃውን፣ አልጋውን ከነመስኮቱ፣ ከመስኮቱም የሚታየውን። እኔ የኮክ ዛፉን አንሥቼ ለጥፌያለሁ። በየሦስት ወሩ አዲስ እንጨምራለን። የሚቀድመውን የሚመርጠው ካርታው ቢሆንም፣ በሩ ባለፈው ሳምንት ወደ ሁለተኛ ቦታ መጥቷል።

አንደኛ ቦታ ላይ ያለው ድንኳኑ ነው። ለጎረቤቴ አልነገርኳትም ነበር፤ ሳይታይ ይነሣል ብዬ ተስፋ አድርጌ ደበቅኋት። ልጇ ከትምህርት ቤት ሰምቶ መጥቶ ነገራት። ማምሻውን በጓሮ በር ገባች፤ ነጠላዋ አሁንም እንደተዘቀዘቀ ነው። ስልኩን እጇ ላይ ይዛ «እትዬ፣ እናቴን የቀበርኩበት ቀን ለምንድን ነው የአንቺ አልጋ ማስታወቂያ ላይ ያለው?» አለችኝ። ቡና አፍልቼ፣ ነጥቡን፣ ስፍራውን፣ ያመለከትኩትን ሁሉ አስረዳኋት። ሰማችኝ። ሲኒውን ሳትነካው ሄደች።

ፎቶውን ለለጠፍከው ወንድሜ፤ ስምህ ከፎቶው ሥር ይታያል፤ እዚህ አልጽፈውም። በዕድራችን ጠይቄ የሚያውቅህ አላገኘሁም፤ በካርታው በኩልም መልእክት የምልክበት መንገድ የለም። ለቅሶ ልትደርስ የመጣህ ሰው ነህና ክፉ አስበህ እንዳላደረግኸው አምናለሁ። ፎቶውን እኔ ማጥፋት አልችልም፤ እሷም አትችልም፤ አንተ ግን አሁኑኑ ትችላለህ። ካርታውን ክፈት፤ አንተ ያበረከትካቸው የሚለውን ግባ፤ ከፎቶዎችህ መካከል ድንኳኑን ፈልግና አጥፋው። የእናቷ 80 በሚቀጥለው ወር ነው። ከዚያ በፊት ቢሆንላት እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የፔንሲዮን ባለቤት
ከጃንሜዳ ጀርባ፣ አዲስ አበባ